ሳያውቅ ማንሳትና ሳይዘጋጅ ማንሳት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ22 ዓመት ወጣት ነው። ያገለገለ ካኖን ካሜራ ከገዛ ስምንት ወሩ ነው። ቅዳሜና እሁድ ፒያሳን፣ መርካቶንና አራት ኪሎን እየዞረ መንገደኛ ያነሳል። «ሳስፈቅድ ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ ለጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ይሆንብኛል» ይላል። ስለዚህ ሳያስፈቅድ ማንሳት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት አንዲት በቆሎ የምትጠብስ እናት አየችውና ጮኸችበት። ሰው ተሰበሰበ። ፎቶውን አጥፍቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቤቱ ገባ። አሁን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሕግ ጥሻለሁ ወይ? ከሩቅ የሚያነሳ ትልቅ ሌንስ ብገዛ ይሻላል ወይ? ሰው ሳይነቃብኝ ማንሳት የምችለው እንዴት ነው?

ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። ሌሎቹ ሁለቱ የሚወለዱት ከእሱ ነው። ሰው እንዳይነቃብህ አትልፋ። ይልቅ ገና ስትመጣ እንዲያይህ አድርግ።

ይህን ስልህ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ጉርድ ፎቶ ተቀበል ማለቴ አይደለም። የመንገድ ፎቶ ለምን እንደሚያምርህ ይገባኛል። ሰው ራሱን ረስቶ ሲስቅ፣ ሲከራከር፣ ታክሲ ሲጠብቅ ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር በትእዛዝ አይመጣም። ግን አንድ ነገር አስተውል። አንተን የማረከህ የሰውየው አለማወቅ አይደለም። አለመዘጋጀቱ ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሳያውቅ የተነሳ ሰው የሆነ ነገር ተወስዶበታል። ሳይዘጋጅ የተነሳ ሰው ግን ካሜራህን አይቶታል፤ ሥራው በልጦበት ረስቶህ ነው።

የማየው ምሳሌ ልስጥህ። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠራ ሰው አለ። ጎማውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ቢላውን ውሃ እየነከረ ይቆርጣል። መጀመሪያ ቀን ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። «ሥራህ ደስ ብሎኝ ነው፤ ጥቂት ላንሳህ?» አልኩት። እሺ አለና ቢላውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመልኝ። አነሳሁት። ሁለት፣ ሦስቴ አነሳሁት። ያን ፎቶ እሱ ፈልጎታልና መብቱ ነው። አሳየሁት፤ ሳቀ። ከዚያ አልሄድኩም። አጠገቡ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ደንበኛ መጣ። ዋጋ ላይ አልተግባቡም። ደንበኛው የበረባሶውን ማሰሪያ ይዞ ይጎትታል፣ እሱ ደግሞ ቢላውን እንደያዘ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «እስኪ አንተ ጨምርበት» የሚል ፊት ያሳያል። ከቢላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ያኔ ነው ያነሳሁት። እዚያ መሆኔን ያውቃል። ለእኔ ግን አልተዘጋጀም።

ትልቁ ዘዴ ይህ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። መቆየት ነው። ብዙ ጀማሪ አንድ መንገድ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። አንተ አንድ ጥግ ምረጥ። ጥሩ ብርሃን ያለበት፣ ሰው የሚያልፍበት። እዚያው አንድ ሰዓት ቁም። ሊስትሮው ይለምድሃል፣ ጀብሎው ይለምድሃል፣ የሱቁ ባለቤት «ዛሬስ ምን አገኘህ?» ማለት ይጀምራል። የሰፈሩ ሰው ከለመደህ በኋላ አላፊ አግዳሚውም አይደነግጥብህም። ሰው አንድን እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ የሚያነበው የአካባቢውን ሰው ፊት ነው። እነሱ ካልተረበሹ እሱም አይረበሽም።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ እዚያው ተመለስ። የታተመ ፎቶ ይዘህ። በስልክ ላክልኝ የሚልህም ይኖራል፤ ላክለት። ግን በእጅ የሚያዝ ወረቀት ሌላ ነገር ነው። የበረባሶው ሰው ያንን ቢላ ያነሳበትን ፎቶ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቅሎታል። የምወደውን፣ የክርክሩን ፎቶ አይደለም። እኔም አልተከራከርኩትም።

አሁን ወደ ሌንሱ። ከሩቅ የሚስበውን ትልቅ ሌንስ አትግዛ። ገንዘብህን ብቻ አይደለም የምታጠፋው። በመቶና ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲበዛ ከሩቅ ይስባል፣ ሲያንስ ሰፋ አድርጎ ያሳያል) ከመንገዱ ማዶ ስታነሳ ሰውየው ከጀርባው ጋር ይጣበቃል። ርቀቱ ይጠፋል። ውጤቱ ከላይ በተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ የተነሳ ይመስላል። ተመልካቹም ይህን ያውቀዋል፤ ስም ባይሰጠውም ይሰማዋል። አንተ ከሰውየው ጋር አልነበርክም። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላይ ክንድ የሚያህል ሌንስ ይዞ ከግንብ ጀርባ የቆመ ሰው ወይ ጋዜጠኛ ነው ወይ የሚጠረጠር ሰው ነው። በሁለቱም ብትገመት ጣጣ ነው።

ስለ መደበቅ ሲነሳ ብዙዎች ታዋቂውን ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየ ብሬሶንን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ የላይካ ካሜራውን የሚያብለጨልጭ ብረት በጥቁር ፕላስተር ይሸፍን ነበር። ግን የሚበዛውን ሥራውን ያነሳው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ይህ ማለት ሰዎቹ አጠገብ ነበር ማለት ነው፤ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ። ካሜራውን አሳነሰው እንጂ ራሱን ከመንገዱ ማዶ አልደበቀም።

ለአንተ ካኖን የምመክርህ 24 ሚሊ ሜትር ስስ ሌንስ ነው። ካሜራህ አነስተኛ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ያለው ከሆነ እይታው በትልቁ ሴንሰር ላይ እንዳለ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለመንገድ ልክ ነው። ከሌለህ ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ 24 ላይ አድርገህ እንዳትነካው። አንድ ወር በአንድ ስፋት ብቻ ሥራ። ዓይንህ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ክፈፉን ማየት ይማራል።

ፎከስን ደግሞ ቀድመህ ጨርስ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 8 ላይ አድርግ። ሁለት ሜትር ተኩል የሚርቅ ነገር ላይ ፎከስ አድርግና ሌንሱን ወደ እጅ ፎከስ ቀይረው። በዚህ 24 ሌንስ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ እስከ ሰባት ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ ደግመህ አረጋግጥ። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/500 ሰከንድ አታውርድ፤ የሚራመድ ሰው እግሩ የሚደበዝዘው ከዚያ በታች ነው። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ለራሱ ተወው። ይህን ካደረግህ የሚቀርህ ማየትና መጫን ብቻ ነው። ካሜራው ዓይንህ ላይ የሚቆየው ለአንድ ሰከንድ ነው። ሰውን የሚረብሸው መነሳቱ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ካሜራ ደቅኖበት ፎከስ ሲፈልግ ለረጅም ጊዜ መታየቱ ነው። እንደ ኢላማ ይሰማዋል።

ስለ ብርሃን እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከተማችን የራሷ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከራስ በላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነውና ብርሃኑ ይጠነክራል። ከቀኑ አምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፊትን ብታነሳ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት ጥላ ውስጥ ሥራ፤ የሸራ ሥር፣ የበረንዳ ሥር፣ የድሮዎቹ የፒያሳ ሕንፃዎች ደጃፍ። ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ግን ከጎን ይመጣል። ቸርችል ጎዳና ላይ ከለገሃር ወደ ላይ የሚወጡ ሰዎች ጥላቸው አስፋልቱ ላይ ሲዘረጋ አይተህ ከሆነ ምን እንደምል ገብቶሃል።

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶችን ስታነሳ ካሜራህ ይሳሳታል። ነጩ ነጠላ ክፈፉን ይሞላዋል፣ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊታቸው ይጠፋል። ኤክስፖዠሩን፣ ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ግፋ። ፀሐይ በቀጥታ ነጠላው ላይ ካረፈች ደግሞ ፊትና ጥለት ሁለቱንም ማትረፍ ሊያቅትህ ይችላል። እኔ ያኔ ፊትን እመርጣለሁ። የሰው ፊት ጠፍቶ የሸማው ሽመና ቢያምር ምን ዋጋ አለው?

ስልክም ይበቃል፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ፎቶ አንሺው ግርማ በርታ አዲስ አበባ ውስጥ መንገደኞችን በስልኩ እያነሳ፣ ከጀርባቸው ነጥሎ ደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸው ነበር። ተሸካሚ፣ ሊስትሮ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው። በዚያ ሥራ በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ አሸንፏል። ካሜራ አነሰብኝ ብለህ እንዳትቆም ነው ይህን የማነሳልህ።

አሁን ሕጉ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። «አደባባይ ላይ ስለሆነ የፈለግኩትን አነሳለሁ፣ እለጥፋለሁ» የሚለውም፣ «ሰው ማንሳት ወንጀል ነው» የሚለውም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 በራሴ አባባል እንዲህ ይላል፤ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ ለሽያጭ አይቀርብም። እስኪ ግሶቹን ተመልከታቸው። ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ። ሕጉ ዋና ትኩረቱ ሹተሩን የተጫንክበት ቅጽበት ላይ አይደለም። ከዚያ በኋላ በምታደርገው ላይ ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል። ሰውየው ታዋቂ ሲሆን ወይም የመንግሥት ኃላፊነት ሲይዝ፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ እንዲሁም ፎቶው ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ድርጊትና ሥነ ሥርዓት ጋር ሲያያዝ። አንቀጽ 29 የጣሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ይናገራል፤ ባለቤቱ ፎቶው እንዲወርድ ወይም ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም ካሳ ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የተነሳ የሕዝብ ፎቶ አንድ ነገር ነው። በቆሎ እየጠበሰች ያለችን አንዲት እናት ፊት በትልቁ አንስቶ ለዘይት ማስታወቂያ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን የሚሸፍንልህ አንቀጽ የለም። በመሃል ያለው፣ ለምሳሌ ኤግዚቢሽን ላይ የሚሰቀል የአንድ መንገደኛ ፊት፣ አከራካሪ ነው። «ለባህል ጥቅም ነው» ብለህ መከራከር ትችላለህ። እሷም «እኔ ባህል አይደለሁም፣ ሰው ነኝ» ብላ መከራከር ትችላለች።

ይህ ክርክር በሌላ አገር ፍርድ ቤት ደርሷል። ኒው ዮርክ ውስጥ ፎቶ አንሺው ፊሊፕ ሎርካ ዲኮርሺያ ታይምስ ስኩዌር ላይ የሚያልፉ ሰዎችን ሳያውቁ አንስቶ ፎቶዎቹን በጋለሪ ሸጠ። ከተነሱት አንዱ ሃይማኖቱ ምስል የሚከለክል አይሁዳዊ አዛውንት ነበሩ። ከሰሱ። በ2006 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ «ይህ ጥበብ ነው» ብሎ ለፎቶ አንሺው ፈረደ። ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ግን ሞንትሪያል ደረጃ ላይ ተቀምጣ የተነሳች የ17 ዓመት ልጅ ፎቶዋ መጽሔት ላይ ወጣ። ጉዳዩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1998 እ.ኤ.አ. ለእሷ ተፈረደ፤ ካሳው 2,000 ዶላር ነበር። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የኩቤክም ሕግ ሥሩ ፈረንሳይ ነው። የኒው ዮርኩን እየጠቀሰ «መንገድ ላይ ሁሉ ይፈቀዳል» የሚልህን ጓደኛህን ስለዚህ አትስማው። እኛ የምንቀርበው ለሁለተኛው ቤተሰብ ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡም አላችሁና፣ የአገሩ ሕግ ይለያያል። አሜሪካ መንገድ ላይ ማንሳት በጥቅሉ ይፈቀዳል። ጀርመን የሰውን ፎቶ ለሕዝብ ለማሰራጨት ፈቃዱን ይፈልጋል። ኤምሬቶች ውስጥ ግን ያለ ፈቃድ የሰው ፎቶ ማንሳት ራሱ እስር ሊያስከትል ይችላል። ዱባይ ላይ የአዲስ አበባን ልማድ ይዛችሁ አትውጡ።

ሕጉ ይህ ነው። የበቆሎዋ እናት የጮኸችው ግን ስለ አንቀጽ 27 አይደለም። እኔ ስቆይ ስሰማቸው የኖርኩ ቃላት አሉ። «ማን ላከህ?» «ቲክቶክ ላይ ልትለቀኝ ነው?» «በእኔ ድህነት ልትነግድ ነው?» እያንዳንዱ ከኋላው ታሪክ አለው። ከ77ቱ ድርቅ ጀምሮ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የፈለገው ረሃባችንን ነው፤ ይህን የማያስታውስ ትልቅ ሰው የለም። አሁን ደግሞ በስልክ እየተቀረጸ መሳቂያ የሆነ ሰው በየቀኑ ይታያል። አንተ በቅንነት መጥተህ ይሆናል። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ከሩቅ፣ ተደብቀህ ስታነሳ የምትነግራት ያንኑ የምትፈራውን ነው።

አንድ ያጠፋሁትን ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት ነው። አንዲት እናት ጭር ባለ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ምሽት ላይ፣ ከመደብር የሚወጣ ብርሃን ግማሽ ፊታቸውን ይዞት ነበር። ቆሎውን በእፍኝ እየሰፈሩ፣ አንድ ፍሬ ወድቆ በጣታቸው ሲያነሱ። አነሳሁ። አላዩኝም። እኔም አላናገርኳቸውም። ፎቶው ተወደደልኝ። አንድ ድርጅት ለዝግጅቱ ማስተዋወቂያ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁ። ኢንተርኔት ላይ ዞረ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ሪያድ ነው የሚሠራው። እናቱ ናቸው። በየወሩ ገንዘብ ይልክላቸዋል፣ እሳቸውም «ሥራ አቁሜያለሁ፣ ቤቴ ተቀምጫለሁ» ብለውታል። የሚልከውን ለታናሽ እህቱ ትምህርት እያስቀመጡ፣ ማታ ማታ ቆሎ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው ይህን ያወቀው ከእኔ ፎቶ ነው። አልተሳደበም። «ለምን አልጠየቅካትም?» ብቻ አለኝ።

ፎቶውን በዚያው ቀን አወረድኩ። ድርጅቱም እንዲያወርድ ለመንኩ። ሌላ ቦታ የተሰራጨውን ግን መልሼ መሰብሰብ አልቻልኩም። እሳቸውንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቆሎ ሰፈሩልኝ እንጂ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያ ከስድብ በላይ አመመኝ።

ከዚያ በኋላ ደንብ አለኝ። ማንሳትና ማሳየት ለየብቻቸው የሚወሰኑ ናቸው። ሳያስፈቅዱ ማንሳት ይቻላል፤ ቅጽበቱ አይጠብቅምና። ከዚያ ግን ካሜራውን አውርጄ እጠጋለሁ። ዓይን ለዓይን እንገናኛለን። ፎቶውን አሳያለሁ። «እንዲህ ወጡ፣ ደስ ካላላችሁ አጠፋዋለሁ» እላለሁ። አጥፋ ካሉኝ እያዩኝ አጠፋለሁ፣ ሳልከራከር፣ ምርጥ ፎቶ ቢሆንም። ደስ ካላቸው «ለሰው ላሳየው?» ብዬ ለብቻው እጠይቃለሁ። ሁለቱን ጥያቄ አንድ ላይ አትጠይቅ። ሰው ለመነሳት እሺ ብሎ ለመታየት እምቢ ሊል ይችላል። ለሚሸጥ ሥራ ደግሞ በጽሑፍ አስፈርም፤ የምታስፈርመውንም አንብብላቸው።

እርግጥ ነው ሁሉንም መጠየቅ አትችልም። መገናኛ ላይ ለታክሲ የተሰለፉ አርባ ሰዎችን ስታነሳ አንድ በአንድ አትዞርም። እዚያ የምለካው በዚህ ነው፤ ማንም ሰው ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ተነጥሎ አፍሯል ወይ? አንዷ ዓይኗን እያሸች፣ አንዱ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ከሆነ ሌላውን ፎቶ እመርጣለሁ። ከሩቅ የጀርባ ቅርጽ፣ ጥላ፣ እጅ፣ በዝናብ ውስጥ የሚሮጥ እግርም የመንገድ ፎቶ ነው። ፊት ሁሌ ግዴታ አይደለም። ክረምት ላይ በጭጋግ በተሸፈነ የታክሲ መስኮት ውስጥ የሚታይ ሰው ማንነቱ ሳይለይ ከተማውን ይነግርሃል።

የማላነሳቸው አሉ። ጎዳና ላይ የተኙ ሰዎችን አላነሳም። ለቅሶ ድንኳን አልገባም። ሆስፒታል በር ላይ ታማሚ ደግፎ የሚያወጣ ቤተሰብን አላነሳም። ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሕፃናትን አላነሳም፤ እሺ ቢሉኝም። እነሱ እሺ የሚሉት ሰው ስላናገራቸው ነው። ሌላ ልጅ ከሆነ ወላጁን ጠይቅ። ምጽዋት የሚጠይቁ አረጋውያንን ደግሞ ቁጭ ብለህ ስማቸው፤ ካሜራው ቦርሳህ ውስጥ ይሁን። ፖሊስ፣ ወታደር፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤርፖርትና የመንግሥት ሕንፃ ጥበቃ አታንሳ። ካሜራህን አይተው ካስቆሙህ ረጋ ብለህ መልስ፣ መታወቂያህን አሳይ፣ የሕግ ክርክር እዚያ አትጀምር።

ሰው ሲቆጣ ምን ትላለህ? መጀመሪያ ካሜራውን አውርድ። ወደ ኋላ አትሽሽ። የሸሸ ሰው ሌባ ይመስላል፣ ሰውም የሚሰበሰበው ያኔ ነው። አንድ እርምጃ ቅረብና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ሰላም በል። ትልቅ ሴት ከሆኑ «እናቴ»፣ ትልቅ ሰው ከሆኑ «አባባ» ወይም «ጋሼ»። ከዚያ እውነቱን ተናገር። «ከጭሱ ጋር ሲታዩ ብርሃኑ ያምር ነበር፣ ለዚህ ነው።» እውነተኛ ምክንያት ስትነግረው ሰው ይለዝባል። «ለትምህርት ነው» ብለህ ግን አትዋሽ። ብዙ ልጆች ይህን ይላሉ። ሰው ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ስነግርህ ፈርተህ ካሜራህን እንዳትሰቅል አደራ። ከተማዋ በዓይናችን ፊት እየተለወጠች ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ብዙዎቻችን የድሮ ፎቶ ፍለጋ ገባን። ሕንፃው ተገኘ። ፖስት ካርድ ላይም፣ ማኅደር ውስጥም አለ። ያጣነው ሰዎቹን ነው። እዚያ በር ላይ ቆመው ሻይ የጠጡትን፣ የተጨቃጨቁትን፣ ጃንጥላቸውን የዘጉትን። የዛሬ ሃያ ዓመት ሰው የሚፈልገው አንተ ባለፈው ቅዳሜ ያነሳኸውን ሊሆን ይችላል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከቻልክም የሰውየውን ፈቃድ ከፎቶው ጋር ጻፍ። ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

የበቆሎዋን እናት በተመለከተ። ፎቶውን ስላጠፋኸው ይዘህላቸው የምትሄደው ነገር የለህም። ቢሆንም ሂድ። የሥራ ቀን ይሁን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ልጆች ካለፉ በኋላ። ካሜራህ ትከሻህ ላይ ይታይ፣ ግን ሌንሱ ይከደን። በቆሎ ግዛና እዚያው ቆመህ ብላ። ካወቁህ «ባለፈው ያስቆጣሁዎት እኔ ነኝ» በላቸው። ካላወቁህም ንገራቸው። በዚያ ቀን አታንሳ፣ ጥያቄም አታንሳ።

ሌላ ቀን ተመለስ። ሲፈቅዱልህ ከፀሐይዋ በተቃራኒ ቁም፣ ጭሱ በአንተና በብርሃኑ መካከል እንዲያልፍ። ማራገቢያውን ሲያወዛውዙ ጭሱ ይነሳና ወርቃማ ይሆናል፤ ፊታቸው ደግሞ ከታች በከሰሉ ፍም ይበራል። ፍሙ ደካማ ነውና ኤክስፖዠሩን ለፊታቸው ስጥ፣ ጀርባው ይንጣ። መጀመሪያ ቀጥ ብለው ይቆሙልሃል። እሱንም አንሳ። ከዚያ ደንበኛ እስኪመጣ ጠብቅ።